ሰፊ ሰው፣ ጠባብ ወንበር

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ልግዛ ብሎ የተነሳ ሰው ሦስት ነገር ሳይሰማ ከደላላ እጅ አይወጣም። «ነዳጅ አትበላም» ይባላል። «መለዋወጫዋ በየሱቁ ነው» ይባላል። «ነገ ብትሸጣት ዋጋዋ አይወድቅም» ይባላል። ሦስቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን ቁመቴ አንድ ሜትር ከዘጠና፣ ክብደቴ ከ150 ኪሎ በላይ ነው፤ ቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ ምን ያህል ይሄዳል? መሪው ወደ ላይ ከፍ፣ ወደ ፊት ገፋ ይላል ወይስ ባለበት የተቸነከረ ነው? ቀበቶው ይደርሳል? በሩ ሲከፈት ምን ያህል ይከፈታል? ለእነዚህ መልስ ያለው ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም። «ጋሼ፣ ይለምድዎታል» ነው የሚሉኝ። ብረት ማንንም አይለምድም። ለመደ የሚባለው የእኔ ጉልበት ነው፤ እሱም አልለመደም፣ ታሞ ነው።

የብቻዬ ብሶት ቢሆን ዋጥ አድርጌው በኖርኩ። ግን አይደለም። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ የዕድር ስብሰባ ላይ ሁለት ግዙፍ ሰዎች ከተገናኘን ወሬው ሳናስበው መኪና ላይ ያርፋል። «ምን ትነዳለህ?» «እንዴት ትገባባታለህ?» «ቀበቶዋ ይደርስሃል?» አንዱ ወዳጄ ረጅም ነው፤ ጣሪያው አናቱን ስለሚነካው አንገቱን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ይነዳል፣ ማታ ማታ አንገቱን በሙቅ ውኃ ያሻል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሰውነቷ ሰፊ፣ ቁመቷ አጭር ነው። ፔዳሉ እንዲደርሳት ወንበሩን ስታቀርብ መሪው ሆዷን ይጫናል፤ ስታርቅ እግሯ ከፍሬኑ ይቀራል። የእሷ ችግር ከእኔ ይከፋል፣ እኔ ቢያንስ እግሬ ረጅም ነው። ሁላችንም ዘንድ ነገሩ አንድ ነው፤ የምንወደውን መኪና አንመርጥም፣ የሚያስገባንን እንፈልጋለን፤ የሚያስገባን ደግሞ ከአቅማችን በላይ ሆኖ ይገኛል።

«ታዲያ መኪናው ቢቀርብህስ?» የሚል አይጠፋም። ቀርቶብኝም አውቃለሁ። ሦስት ሰው በሚበቃው ወንበር ላይ አራተኛ የሚጨምር የሚኒባስ ረዳት እኔን ሲያይ ፊቱ ይለዋወጣል። ጋቢና ልግባ ስል «ጋቢና የሁለት ሰው ነው ጋሼ» ይለኛል። የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍዬ የተሳፈርኩበት ጊዜ ብዙ ነው። መክፈሉ አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ ክርክሩ ሙሉ ታክሲ እየሰማ መካሄዱ ነው። በስልክ የሚጠራው ታክሲም ከዚህ አይሻልም። ሹፌሩ ይመጣል፣ መንገድ ዳር ቆሜ ያየኛል፣ ቀዝቀዝ አድርጎ ያልፈኛል፤ ወዲያው ጥሪው መሰረዙን ስልኬ ይነግረኛል። በሹፌሩ አልፈርድም፤ መኪናዋ ትንሽ ናት፣ የምትጎዳበት ነገር ሁሉ ከልጆቹ እንጀራ ላይ የሚነሳ ነው። ግን እኔም ሥራ ቦታ መድረስ አለብኝ።

መኪናው ሁሉ ለምን እንዲህ ጠበበ ብዬ ያልጠየቅሁት መካኒክ የለም። መልሱን ያገኘሁት ግን ከጋራዥ ሳይሆን ከምዝገባና ከግብር ሕግ ነው። ከተማችንን የሞሉት ትንንሾቹ የጃፓን መኪኖች መጀመሪያ የተሠሩት ለጃፓን ገበያ ነው። በዚያ አገር መኪና በአነስተኛ ምድብ ለመመዝገብ ወርዱ ከ1.70 ሜትር፣ ርዝመቱ ከ4.70 ሜትር፣ ሞተሩ ከ2000 ሲሲ መብለጥ የለበትም። ከእሱም በታች ሌላ ምድብ አለ፤ ሞተሩ 660 ሲሲ፣ ወርዱ 1.48 ሜትር ብቻ። መሐንዲሱ የሁለት ሰው ትከሻ፣ የሁለት በር ውፍረትና መሃል ላይ ያለውን ማርሽ ሁሉ በ1.70 ሜትር ውስጥ ማስገባት አለበት። ከእነዚህ መኪኖች አንዷ የሆነችው፣ በፈረንጆቹ 1999 የወጣችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ ወርዷ 1.66 ሜትር፣ ርዝመቷ 3.61 ሜትር ነበር። ለቶኪዮ ጠባብ መንገድና ለጃፓናዊ ቤተሰብ ልክ ነች፣ ክፋት የለባትም። የተሠራችው ግን እኔን በማሰብ አይደለም።

ከሕንድ የሚመጣውም ታሪኩ ያው ነው። እዚያ ርዝመቱ ከ4 ሜትር ያነሰ ባለ ትንሽ ሞተር መኪና ግብሩ ይቀንስለታል። ከሕንድ ከሚመጡት አንዷ የሆነችው ዲዛየር በፈረንጆቹ 2008 ስትወጣ 4.16 ሜትር ነበረች፤ በ2012 አዲሱ ሞዴል ሲመጣ 3.995 ሜትር ሆና አረፈች። ከሕጉ መስመር በ5 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብላ ማለት ነው። ጅራቷ ነው የተቆረጠው፣ የዕቃ መጫኛዋ ነው የተነካው፤ ቢሆንም አንድ መኪና በሰው ልክ ሳይሆን በግብር ልክ እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ምን ያሳያል?

በእነዚህ ላይ የራሳችን ሕግ ይደረባል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ሞተሩ እስከ 1300 ሲሲ የሆነን የቤት መኪና 30 በመቶ፣ እስከ 1800 ሲሲ የሆነውን 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለውን 100 በመቶ ያስከፍል ነበር። ይህ ኤክሳይሱ ብቻ ነው፤ ጉምሩኩ፣ ሱር ታክሱ፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ እየተደራረበ ይሄዳል። ባለ አንድ ሺህ እና ባለ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ ቪትዝ ከተማውን ያጥለቀለቀው ለዚህ ነው። በ2012 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1186 ሲመጣ ደግሞ ግብሩ በመኪናው ዕድሜ ላይም እየከበደ ሄደ። ያረጀም ቢሆን ሰፋ ያለ መኪና በደህና ዋጋ አገኛለሁ ብሎ ተስፋ ያደረገ ሰው በሩ ተዘጋበት።

እኔ ሕግ አውጪውን በክፋት አልከስም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ አገር ትልቅ ሞተር ላይ ግብር ቢያከብድ አይገርምም፤ ያረጀ መኪና ጭሱን የሚተፋብን እኛው ላይ ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሞተርና ስፋት ተጣብቀው ነው የሚሸጡት። ባለ 1300 ሲሲ ሞተር ሆኖ ወንበሩ የሚበቃኝ መኪና ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ለሌላው ሰው ቅንጦት የሆነው ስፋት ለእኔ የግድ ሆኖ ሳለ፣ እኔም የቅንጦቱን ግብር ክፈል እባላለሁ። የምፈልገው ትከሻዬ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ቆዳ ወንበርም ሆነ ስድስት ሲሊንደር ጠይቄ አላውቅም። ሱሪ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ እንኳ ሜትሩን አውጥቶ ወገብ ይለካል፤ ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት ዕቃ ግን የገዢው ልክ ሳይጠየቅ ይሸጣል።

ክብደቱንም እናንሳው። ጃፓን ውስጥ የመኪና ጠቅላላ ክብደት ሲሰላ አንድ ተሳፋሪ 55 ኪሎ ተብሎ ነው የሚያዘው። አምስት ሰው ትጭናለች የተባለች መኪና 275 ኪሎ ሰው ትጭናለች ማለት ነው። አውሮፓውያን ለሹፌሩ 75 ኪሎ ይይዛሉ። እኔ ብቻዬን ከሁለት ተኩል ጃፓናዊ ተሳፋሪ በላይ ነኝ። ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ሲገቡ ሒሳቡ ያልቃል፣ ገና አንድ ኩንታል ጤፍ ሳይጫን። የበዓል ሰሞን በግ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት ሲጨመር እያንዳንዱ የፍጥነት መቀነሻ ላይ የመኪናዋ ሆድ አስፋልቱን ይፍቃል። በሹፌር በኩል ያለው አሞርዛተር ከጓደኞቹ ቀድሞ ይደክማል፣ የግራው ጎማ ጠርዙ ቶሎ ይላጫል፣ የወንበሩ ስፖንጅ ሰምጦ ብረቱ ይሰማል። መካኒኩ ከሥሯ ወጥቶ «መኪናዋ ወደ ግራ ተኝታለች» ሲል ሠራተኞቹ ሁሉ ዞር ብለው ያዩኛል። ይህን ሁሉ ሻጩ አስቀድሞ ሊነግረኝ ይችል ነበር። በር ከፍቶ እዚያ የተለጠፈውን የጭነት ምልክት ለማንበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ወንበሩ እንግባ፤ ዋናው መከራ ያለው እዚያ ነው።

የመጀመሪያው ሐዲዱ ነው። ወንበሩ ወደ ኋላ የሚንሸራተትበት ሐዲድ አጭር ከሆነ ሌላው ሁሉ ምንም አያደርግም። ቀጥሎ የወንበሩ ጎንና ጎን ነው። የዛሬ ዘመን ወንበር እንደ ውድድር መኪና ሁለት ጎኑ ተነስቶ ሰውን እንዲያቅፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ለቀጭን ሰው ድጋፍ ነው፣ ለእኛ ግን ጭን ላይ የሚቆም እንጨት ነው፤ ረጅም መንገድ ሲነዳ እግር ያደነዝዛል። የዱሮው ላዳ ወንበር ጠፍጣፋ ስለነበር ማንንም አይቆነጥጥም ነበር። ሦስተኛው መሃሉ ላይ ያለው ሳጥን ነው፤ ማርሹን፣ የኩባያ ማስቀመጫውን፣ የእጅ መደገፊያውን ይዞ በየሞዴሉ እየሰፋ መጥቷል፣ የሚሰፋው ደግሞ ከቀኝ ጉልበቴ ላይ እየቆረሰ ነው። አራተኛው ጣሪያ ላይ የሚከፈተው መስታወት ነው። ሻጭ እንደ ትልቅ ነገር ያሳየኛል። መስታወቱ የሚንሸራተትበት ማዕቀፍ ጣሪያውን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንደሚያደርገው አይነግረኝም፤ ለረጅም ሰው እነዚያ ጥቂት ሴንቲ ሜትሮች ቀና ብሎ የመንዳትና አንገት ደፍቶ የመንዳት ልዩነት ናቸው።

መሪው ግን ከሁሉ ይብሳል። በርካሽ መኪኖች ላይ መሪው ከፍና ዝቅ ይላል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን አይገፋም። ፍሪሲዮን የሚረገጥባት ከሆነች ደግሞ የግራ ጭን በየማርሹ መነሳት አለበት፤ ሲነሳ የመሪው የታች ጠርዝ ያገኘዋል። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ በመጨናነቅ ሰዓት ስንት ጊዜ ፍሪሲዮን እንደሚረገጥ የነዳ ያውቀዋል። ለእኛ አውቶማቲክ ምቾት ብቻ አይደለም፣ የጤና ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት አሽከርካሪ ከደረቱ እስከ መሪው መሃል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ብሎ ይመክራል፤ ምክንያቱም ከመሪው ውስጥ የሚፈነዳው የአየር ከረጢት ለመነፋት ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታ ካጣ ራሱ ይጎዳል። ባልደረባዬ ከመሪው ያላት ርቀት የአንድ መዳፍ ያህል ነው። ስነግራት «ታዲያ ምን ላድርግ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ቀበቶው ላይ ደግሞ የትራፊክ ቅጣት አለ። አለማሰር ጥፋት ነው፣ መሆንም አለበት። ግን ጫፉ መቆለፊያው ጋ የማይደርስ ቀበቶ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ብዙዎቻችን የምናደርገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀበቶውን ከጀርባ አዙረን እንቆልፈዋለን፣ ወይም ጩኸቱን ለማስቆም ባዶ ምላስ ገዝተን እንሰካለን። ይህ ሞት መጥራት ነው፤ ለልጆቼ አባት ነኝና በዚህ አልስማማም። አውሮፕላን ውስጥ የቀበቶ ማራዘሚያ ስጡኝ ሲባል አስተናጋጇ ያለ ምንም ጥያቄ ታመጣለች። መኪና ሻጭ ጋ ስጠይቅ ግን ያልተሰማ ነገር የጠየቅሁ ይመስል ያየኛል። ገበያ ላይ የሚገኘውም ምላሱ ከመኪናው መቆለፊያ ጋር ልክ ይሁን አይሁን ማንም አያረጋግጥልህም። ቀበቶ ቢደርስም በአግባቡ መቀመጥ አለበት፤ የታችኛው ክፍል ከሆድ በታች የዳሌ አጥንት ላይ እንዲያርፍ ነው የተሠራው። ትልቅ ሆድ ላይ ግን ወደ ላይ ይወጣል። በግጭት ጊዜ ቀበቶው አጥንቱን ይዞ እስኪያስቆም ድረስ ሰውነት ወደፊት ብዙ ይሄዳል፣ ጉልበትና እግርም ከዳሽቦርዱ ጋር ይገናኛሉ።

ይህን ያህል ያልታሰበልን ለምን እንደሆነ የፍተሻ አሻንጉሊቱን ያየ ሰው ይገባዋል። መኪና ሲጋጭ ሰው ምን እንደሚሆን ለመለካት የሚቀመጠው ሃይብሪድ 3 የሚባለው አሻንጉሊት በጄኔራል ሞተርስ የተሠራው በፈረንጆቹ 1976 ነው። ቁመቱ 175 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 78 ኪሎ ነው። ትልቁ ወንድሙ እንኳ 101 ኪሎ ነው የሚመዝነው። ሂዩማኔቲክስ የተባለው አሻንጉሊት ሠሪ ኩባንያ 124 ኪሎ የሚመዝን ወፍራም አሻንጉሊት ሠርቶ አሳይቷል፤ ይህ የሆነው ከሃይብሪድ 3 አርባ ዓመት ሊሞላ ሲል ነው። መኪና ላይ የሚለጠፈው አምስት ኮከብ በዋነኛነት ለዚያ ለ78 ኪሎው ዓይነት ሰው የተሰጠ ኮከብ ነው። ማስታወቂያው ላይ ሲጻፍ ግን የሁላችንም ተደርጎ ነው።

ቤተሰብ ያለው ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለበት። እኔ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ስገፋ ከኋላዬ የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያስገባበት ቦታ አይኖርም። አምስት ሰው ትጭናለች የተባለችው መኪና አራት ትሆናለች፣ ከአራቱም አንዷ ልጄ ተጣጥፋ ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ «አባዬ፣ ትንሽ ቀረብ በል» ትላለች፤ ልቀርብላት የማልችል መሆኑን ስለምታውቅ ደግማ አትጠይቅም፣ እኔም በመስታወቱ አያታለሁ። እዚህ ላይ ዋናው ቁጥር በፊት ጎማና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ነው። በመጀመሪያዋ ቪትዝ 2.37 ሜትር ነበር። በፈረንጆቹ 2000 ገደማ በወጣችው ኮሮላ 2.60 ሜትር ደረሰ። ይህ የ23 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ልጄ እግሯን ዘርግታ መሄዷንና አለመሄዷን ይወስናል። የቤተሰብ መኪና የሚገዛ ግዙፍ ሰው ከሲሲ በፊት ይህን ቁጥር ይጠይቅ እላለሁ፤ ማንም ደላላ በቃሉ አያውቀውም፣ ግን ስልክ ላይ በደቂቃ ይገኛል።

መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የሚማሩት ወጣቶችም ያሳዝኑኛል። ማሰልጠኛው ያለውን መኪና ነው የሚያቀርበው፤ ያለው ደግሞ ያችው ትንሿ ናት። ጉልበቱ መሪ ሥር ተቀርቅሮ ፍሪሲዮን የሚለቅ ልጅ መኪናዋ ስትዘልበት «አልቻለም» ይባላል። መንዳት አቅቶት አይደለም፤ እግሩን የሚያንቀሳቅስበት ቦታ አጥቶ ነው።

መኪና ማቆሚያውም አለ። በኮንዶሚኒየም ግቢ፣ በየሕንፃው ምድር ቤት፣ በመንገድ ዳር መኪና የሚያሰልፉት ልጆች ቦታ ለመቆጠብ ጎን ለጎን ያጣብቃሉ። ቀጭን ሰው በስንጥቅ ሾልኮ ይወጣል። እኔ ግን ስቆም በሩ ሊከፈት የሚችልበትን ቦታ ለይቼ ባቆምም፣ ስመለስ ሌላ ሰው አጠገቤ ተለጥፎ አገኛለሁ። በተሳፋሪው በር ገብቶ መሃል ያለውን ሳጥን መሻገር ለእኔ የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ። ዝናብ ቢሆን፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ልወስድ ብቸኩል፣ ያ ሰው ምሳውን ጨርሶ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። መኪና አሰላፊውን ልጅ «ለምን አስጠጋህብኝ?» ስለው «በር ይከፈታል እኮ ጋሼ» ይለኛል፤ ለእሱ ይከፈታል።

ምክር የሚሰጠው ወዳጅ ብዙ ነው፤ ብዙው ምክርም ከሰሚ ሰሚ የተወሰደ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ሰው ሁሉ የገዛውን ግዛ ይሉሃል። «ላንድክሩዘር ግዛና ተገላገል» ይላል አንዱ፣ ዋጋውን እኔ የማላውቀው ይመስል። ለዚያውም መወጣጫው ከፍ ያለ ነው፤ ጉልበቱ ለታመመ ሰው በየቀኑ መውጣትና መውረዱ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «ፒክአፕ ግዛ» ይላል ሌላው፤ ፊት ለፊት እውነትም ቀና ብሎ ያስቀምጣል፣ የኋላው ወንበር ግን ለልጆቹ ቀጥ ያለ ግድግዳ ነው። በእኔ ግምት ለከባድ ሰው የሚሻለው መቀመጫው ከቆመበት ዳሌው ጋር እኩል የሆነ መኪና ነው፤ ወደ ታች የማይወድቅበት፣ ወደ ላይም የማይወጣበት። ራቭፎርና ቱሳን ያሉበት ቁመት ማለት ነው። እነሱንም ቢሆን ሳይቀመጡ አለመግዛት ነው።

ሌላው ምክር ወንበሩን አስቀይር ነው። ታፒሴሪ ቤት ስፖንጁን ያስነሳሉ፣ ጎኑን ያስጠፈጥፋሉ፤ በዚህ እስማማለሁ፣ ሙያተኛ ከሆነ ደህና ይሠራል። አንዳንዱ ብየዳ ቤት ግን ሐዲዱን ቆርጦ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ አንስቶ ይበይዳል። ይህን እባካችሁ አታድርጉ። ወንበሩ ከወለሉ ጋር የተያያዘበት ቦታ በግጭት ጊዜ የሰውየውን ክብደት ሁሉ የሚሸከም ነው፣ የከባድ ሰው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ብየዳው ከለቀቀ ወንበሩ ከነሰውየው ወደፊት ይሄዳል። ቦታ ፍለጋ ብለን እዚህ ድረስ መድረሳችን ራሱ ምን ያህል እንደተቸገርን ይናገራል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን አንድ የተስፋ ጭላንጭል መጣ። በ2014 ዓ.ም. ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይስ፣ ከሱር ታክስና ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነጻ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ታገደ። የኤሌክትሪክ መኪና ሲሲ የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ግብሩ ስፋትን መቅጣት አቆመ። በየመንገዱ የምናያቸው የቮልስዋገን አይዲ 4 እና አይዲ 6 ወርዳቸው 1.85 ሜትር ገደማ ነው፤ የአይዲ 6 የጎማ ለጎማ ርቀት 2.96 ሜትር ይደርሳል። ማርሹ ከመሪው አጠገብ ስላለ የመሃሉ ሳጥን ጉልበት አይጫንም፣ ወለሉም መሃል ላይ ጉብታ የለውም። ተቀምጬ ባየሁ ጊዜ ቀኝ እግሬ የሚያርፍበት ቦታ አግኝቶ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ግን ይህም ቢሆን ችግር አያጣውም። ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሚነጠፍ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ወንበሩ አብሮት ካልተነሳ ጉልበት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭን ከመቀመጫው ተነስቶ በአየር ላይ ይቀራል፣ ክብደቱ ሁሉ ወገብ ላይ ያርፋል። ሰፊዎቹ ዋጋቸው ሚሊዮኖች ነው። በአቅማችን የሚመጡት ደግሞ እንደገና ትንንሾቹ ናቸው፤ ሆንግጓንግ ሚኒ ርዝመቱ 2.92 ሜትር፣ ወርዱ 1.49 ሜትር ነው፤ ያ የጃፓኑ ትንሹ ምድብ በሌላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ባንክ ብድር ሲሰጥም የሚያየው ደሞዝህን ነው፤ ለምን ትልቁን እንደምትፈልግ ስታስረዳው «በዚህ ደሞዝ ትንሿን ይውሰዱ» ይልሃል።

በዚህ ላይ መሸጫ ግቢዎቹ የሚያደርጉት ነገር ትዕግሥቴን አስጨርሶኛል። ወንበሩ ላስቲክ እንደለበሰ ነው። «ላስቲኩ አይነሳም፣ ለገዢው ነው» ይባላል። ወንበሩ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ሆኖ «ባትሪው ተነቅሏል፣ አሁን አይሠራም» ይባላል፤ ስለዚህ የቻይና ሹፌር መርከብ ላይ ሲጭነው በተወበት ቦታ ላይ እንደቆመ ልሞክረው ነው። በሩን ልዝጋ ስል አጠገቡ ሌላ መኪና ተጠግቶ ቆሟል። ቀበቶውን ስስብ «ኧረ ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ አዲስ ነው» እባላለሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ ገብታ ቦታውን ትየው ስል የኋላው በር ተቆልፏል፣ ቁልፉ ቢሮ ነው፣ ቢሮ ያለው ሰው ምሳ ወጥቷል። ከዚያ ደግሞ ቀብድ ካልከፈሉ ነገ አያገኟትም ይባላል።

ቀብዱን ልክፈል፤ ግን መጀመሪያ ላስቲኩ ይነሳ። ባትሪው ይታሰር፣ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ይሂድ፣ መሪው ይነሳ። በሩን ዘግቼ፣ ቀበቶ አስሬ፣ የክረምት ጃኬቴን እንደለበስኩ ሩብ ሰዓት ልቀመጥ፤ ልጄም ከኋላዬ ትቀመጥ። ከመሪው እስከ ደረቴ በሜትር ይለካ። ካልበቃኝ አመስግኜ እወጣለሁ፣ የማንንም ሰዓት አላባክንም፤ ከበቃኝ ደግሞ በዚያው ዕለት ባንክ እሄዳለሁ።